ተለቅሞ የጠበቀን ድንጋይ

«ይኼማ ተለቅሞ ነው የጠበቀን!»

እንዲህ ያለው የማቴሪያል መሐንዲሱ ነው፤ አንድ እግሩን ከድንጋዩ ክምር ላይ አሳርፎ፣ ከልቡ ደስ ብሎት። ክምሩ ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ ድስት ይመስላል። ቁመቱ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል፤ ዙሪያውን ስዞረው 80 ምናምን እርምጃ ፈጀብኝ። ጥቁር ድንጋይና አፈር የተደባለቀበት ነው፤ ጀርባው ሣር ለብሷል፣ አናቱ ላይ ነፋስ ያጎበጣት አንዲት ጽድ በቅላበታለች። መሐንዲሱ ያየው ግን ሌላ ነው፦ ፈንጂ የማይፈልግ፣ ቁፋሮ የማይፈልግ፣ ሎደር ተጠግቶ እየዛቀ የሚጭነው ድንጋይ። «20 ሲኖ አያጣም» አለ፣ በዓይኑ ለክቶ። ማታ በወረቀት ሳሰላው ልክ ሆኖ አገኘሁት። ሰውየው ሥራውን ያውቃል።

ጊዜው ጥር 2006 ዓ.ም. ነው፤ አገሩ መንዝ። ቀበሌውን አልጠራም። እዚያ ያሉ ሰዎች ዛሬም ከዚያው ምንጭ ይቀዳሉና በእኔ ጽሑፍ ምክንያት ማንም ደጃቸው እንዲቆም አልፈልግም።

አራት ሆነን ነበር የሄድነው። የማቴሪያል መሐንዲሱ፣ ቀያሹ፣ ሾፌሩና እኔ። ለአንድ የገጠር ጠጠር መንገድ የሚሆን የድንጋይ ካባ ሊከፈት ታስቧል፤ ከመከፈቱ በፊት መሬቱ ላይ ምን እንዳለ አይተን በሦስት ቀን ሪፖርት ማቅረብ አለብን። (ካባ ስል ሙሽራው የሚደርበው እንዳይመስላችሁ። አማርኛ ድንጋይ የሚወጣበትን ጉድጓድና የክብር ልብሱን በአንድ ስም ለምን እንደጠራቸው ብዙ ጊዜ አስቤ መልስ አላገኘሁም።) በወረቀቱ ላይ የእኔ ማዕረግ «የማኅበራዊና የቅርስ ባለሙያ» ይላል። መኪናው ውስጥ ግን ስሜ «ሶሺዮ» ነበር። «ሶሺዮ፣ ውረድ እንጂ፤ ሽማግሌዎች መጡልህ!»

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሌላ አገር፣ ለሌላ ድርጅት፣ ተመሳሳይ ቅጽ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞልቻለሁ። ነሐሴ ነበር። ጭቃው ጎማ ይውጣል፣ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ወደ ቀበሌው ሰው ደወልኩ፤ «ምንም የለም፣ ሜዳ ነው» አለኝ። «ታሪካዊና ባህላዊ ቅርስ» በሚለው መስመር ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ቅጹ «አላየሁም» የሚል ቦታ አልነበረውም። ቢኖረውም እሞላው እንደነበር አላውቅም። እዚያ ምን እንደነበረ፣ ምን እንደተጫነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የዚያ ዓይነት «የለም» ማንም ተመልሶ አይጠይቅበትም፤ ጉዳዩ ተጭኖ ሄዷል።

ስለዚህ መንዝ ላይ፣ ያ መሐንዲስ ክምሩ ላይ ቆሞ ሲስቅ፣ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተገላበጠ።

ለመሐንዲሱ ፍርድ መስጠት ይገባኛል። የመጣነው ድንጋይ ፍለጋ ነው፤ አገሩ ደግሞ የድንጋይ አገር ነው። ከጣርማበር ወዲያ ያለው ደጋ በእሳተ ገሞራ የተነጠፈ ነው፤ ጂኦሎጂስቶች የጣርማበር ባዛልት ብለው በስሙ የሚጠሩት ድንጋይ አለ። ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ የማሳው ድንበር ድንጋይ። ለመንገድ የሚሆን ድንጋይ ግን ጥቁር ስለሆነ ብቻ አይመረጥም። ናሙና ተወስዶ በብረት በርሜል ውስጥ ከብረት ኳሶች ጋር 500 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ከዚያ ምን ያህሉ እንደደቀቀ ይመዘናል። ሎስ አንጀለስ ይሉታል ፈተናውን። ሾፌራችን ይህን ሲሰማ «የመንዝ ድንጋይ ከሆነማ የሚደቀው ማሽኑ ነው» ብሎ አሳቀን። ፈተናውን ያለፈ ድንጋይ ክሬሸር፣ ማለትም ድንጋይ መፍጫው ማሽን ውስጥ ይገባና ዜሮ ዜሮ፣ ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ሁለት ተብሎ በየመጠኑ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

ሌላም ነገር ልጨምር። የጠጠር መንገድ ይበላል። ከመኪና ኋላ የሚነሣው አቧራ እኮ መንገዱ ራሱ ነው፤ በበጋ በነፋስ፣ በክረምት በጎርፍ እየሄደ ነው። በየጥቂት ዓመቱ እንደገና ጠጠር ይለብሳል። ስለዚህ ካባ አንዴ ተከፍቶ የሚዘጋ ነገር አይደለም፤ ይመለሱበታል። በሪፖርቱ ላይ «ለ18 ወር» የተባለው ጉድጓድ የልጅ ልጅ ያይበታል። ይህን ያስተማረኝ መሐንዲሱ ራሱ ነው፣ መኪና ውስጥ፣ ቆሎ እየቆረጠመ።

የመጀመሪያው ቀን በስብሰባ አለቀ። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ 40 የሚሆኑ ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሴቶች በር አካባቢ ሦስት ብቻ፣ እነሱም ቡና ያፈላሉ። ሕጉን አስረዳሁ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጁ፣ ቁጥር 299/1995፣ ተፅዕኖ ሲል አፈሩንና ውኃውን ብቻ ሳይሆን ባህላዊ ቅርስንም ይጨምራል፤ ሊነካ የሚችለው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥም ያዝዛል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በአንቀጽ 41 በማዕድን ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና እንዳለ መጠበቅ አለበት ይላል። ስናገር ጥሩ አድርጌ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጠየቅሁ፦ «እዚህ አካባቢ ቅርስ አለ ወይ?»

ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ተናገረ፤ የብራና መጽሐፍ አለ፣ አንድ የብር መስቀል አለ፣ ዕቃ ቤቱ ያፈሳል፣ ቆርቆሮ ብትረዱን። ሌላው ደገመው። ሦስተኛው ስለ ሥራ ቅጥር ጠየቀ። ተራራው ላይ ስላለው ነገር ማንም ትንፍሽ አላለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሲያጠቃልል «እንግዲህ ቅርስ የሚባል እዚያ ቦታ ላይ የለም» አለና ወደ እኔ ዞሮ በዐይኑ «ጻፍ» አለኝ።

ያን ሌሊት ብርድ አላስተኛኝም፤ የተሰጠኝ ባና ወፍራም ቢሆንም የመንዝ ጥር ባና አያግደውም። ስገላበጥ ነው ነገሩ የገባኝ። የሳተው ሕዝቡ አይደለም፣ ጥያቄዬ ነው። ለእነሱ ቅርስ ማለት ባለቤት ያለው ነገር ነው፤ በሣጥን የሚቆለፍ፣ አስጎብኚ የሚያሳየው፣ ሌባ የሚሰርቀው። ማሳ መካከል ያለ የድንጋይ ክምር ቅርስ አይባልም። ምን እንደሚባልም አላውቅም ነበር። ጠዋት ከማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ቅርስ» የሚለውን ቃል ሰረዝኩና ሌላ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ፦ የማይታረስ ቦታ አለ? ከብት የማይነዳበት? ልጆች ሲጫወቱበት የምትቆጡት የት ነው?

ይህንን የጠየቅሁት መጀመሪያ አንድ እረኛን ነው፤ 10 ወይም 11 ዓመት ቢሆነው ነው። ሳያስብ በአለንጋው ጠቆመኝ። «እዚያ ላይ፣ ጋሼ። ድንጋይ ከሱ ላይ ካነሣን አያቴ ይገርፉናል።» ከዚያ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ትንንሾቹም ላይ» አለ።

ትንንሾቹ? እኛ ያየነው አንድ ክምር ብቻ ነበር።

ያን ቀን ቀያሹን ለምኜ ይዤው ወጣሁ። ቦታውን በ10 ሜትር በ10 ሜትር መስመር ከፍለን ከዳር እስከ ዳር በእግር ሄድንበት። ወሩ ጥር መሆኑ በጀን፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ሣሩ ተግጧል፣ መሬቱ ራቁቱን ነው። ነሐሴ ላይ ብንመጣ አንዱንም አናየውም ነበር። ቢሆንም ቀትር ላይ ስናልፍ ያላየነውን 11 ሰዓት ላይ ስንመለስ አየነው፤ ፀሐይዋ ስትጋደም ከጉልበት የማይበልጥ እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል። ሁለት ናቸው። አንደኛው የሁለት ገበሬዎች ድንበር ሆኖ ያገለግላል። ሌላውን እርከን ሲሠራ ግማሹን በልቶታል፤ ከተቆረጠው ጎን ላይ ድንጋዮቹ ዝም ብለው እንዳልተጣሉ፣ ጠርዝ በጠርዝ እንደተደረደሩ ይታያል። ቀያሹ፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስለ አበሉ ብቻ ሲያወራ የነበረው ሰው፣ መሣሪያውን አስቀምጦ ተንበረከከ። «ይኼ እኮ ግንብ ነው» አለ።

የእረኛውን አያት ያገኘናቸው በማግስቱ ነው፤ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስብሰባው ላይ ነበሩ፤ ከኋላ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። «አባባ፣ ለምን አልተናገሩም ታዲያ?» አልኳቸው።

«ቅርስ አለ ወይ አልክ እንጂ ስለሱ መቼ ጠየቅኸን ልጄ?»

ስለ ክምሮቹ ስጠይቃቸው አብሮን የመጣው የቀበሌው ወጣት ቀድሟቸው «የግራኝ ናቸው» አለ። በእኛ አገር ያረጀ ድንጋይ ሁሉ የግራኝ ነው። ጢያ ያሉት፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች እንኳ በአካባቢው ሰው አፍ የግራኝ ድንጋይ ይባላሉ፤ ከኢማም አህመድ ዘመን ብዙ ቀድመው የተተከሉ ሲሆኑ። ሽማግሌው ወጣቱን ገላመጡት። «ግራኝ ይህን ሁሉ ድንጋይ ሲለቅም ጦርነቱን መቼ ሊዋጋ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኛ ስንመጣ ነበሩ ነው የሚባለው። አባቴ ዞሮ ነው የሚያርሳቸው። አያቴም።»

«ለምን?»

«ለምን ያፍርሷቸው? ምን አደረጓቸው?»

መንዝ የአጽመ ርስት አገር ነው፤ ቃሉን ልብ በሉት። ርስቱ ይቆጠር የነበረው በአጽም ነው፤ አቅኚውን አባት ጠቅሰህ፣ ትውልድ ቆጥረህ፣ አጥንትህ እዚህ መሆኑን አስረድተህ ነበር መሬት የምትካፈለው። የጓሳን ሣር እንኳ በዚሁ ዝምድና ነው የጠበቁት። ከ400 ዓመት በላይ፣ በሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ በአስቦና በጌራ ልጆች ተከፍሎ፣ አባ ቀራ የሚባል ሹም ተመርጦለት፣ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳንና ለከብት ያጭዳል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። መሬትን መገምገም ለእነዚህ ሰዎች እኛ በቅጽ ይዘንላቸው የመጣነው አዲስ ትምህርት አልነበረም። ሽማግሌው ትውልዳቸውን ሲቆጥሩልኝ እኔ መጻፍ አቃተኝ፤ ፈጠኑብኝ። ነገር ግን እነዚያ ክምሮች ውስጥ ላለው አጽም ቆጣሪ የለውም። የማንም አባት አይደለም። የሚከራከርለት ርስተኛ የለም።

እዚህ ላይ ነው ሕጉም እኔም የተደናቀፍነው። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የካሣ ደንብ፣ ቁጥር 135/1999፣ መቃብር ከቦታው ሲነሣ ለአዲስ መቃብር ማዘጋጃ፣ ለአጽሙ ማዛወሪያ፣ ለሃይማኖትና ለባህል ሥርዓቱ ሁሉ ወጪ ያስባል። መልካም ነው። ግን የሚያስበው ወራሽ ላለው ሙት ነው። መጥቶ «የእኔ ነው» የሚል ሰው ከሌለ በሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ይጻፋል፤ ዜሮ ዜሮ፣ እንደ ጠጠሩ።

ስለ እንዲህ ያሉ ክምሮች የሚታወቅ ነገር ግን አለ፤ ብዙዎቻችን ስላልተነገረን እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ፈረንሳውያኑ አርኪዮሎጂስቶች ፍራንስዋ ግዛቪየር ፎቬልና ቤርትራን ፗሶኒዬ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ መሰል ክምሮችን አጥንተዋል። ተተር ጉር በሚባለው ቦታ ከክምሩ ሥር በድንጋይ የተሠራ የመቃብር ክፍልና ወደ ውስጥ የሚያስገባ መተላለፊያ ተገኘ፤ ውስጡ የብዙ ሰው አጽም፣ ሸክላ፣ አምባር፣ ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ የመስታወት ዶቃ። በወንዙ ስም የሻይ ባህል ብለው ሰየሙት። ዘመኑ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አስቡት፤ ከወዲህ የክርስቲያን መንግሥት፣ ከታች ቆላው ላይ የሙስሊም የይፋት ከተሞች፣ መካከል ላይ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆኑ፣ ሙታናቸውን በራሳቸው ወግ የሚቀብሩ ሰዎች። አንድም መስመር ጽፈው አልተዉልንም። የተዉት ክምር ድንጋይ ነው። የእነሱ መጽሐፍ ሎደር አፍሶ የሚጭነው ዓይነት መሆኑ ነው ክፋቱ።

የእኔ ሦስት ክምሮች ከእነዚያ ወገን ናቸው ብዬ አልማልም። አልቆፈርኳቸውም፤ ቁፋሮ ፈቃድ ይጠይቃል፣ እኔም አርኪዮሎጂስት አይደለሁም። የእኔ ሥራ ፈቃዱ ያለው ሰው እስኪመጣ ድረስ እንዲቆዩ ማድረግ ብቻ ነበር።

ማታ ላይ ከመሐንዲሱ ጋር ተጨቃጨቅን። ጭቅጭቁን አለሳልሼ አልናገርም። «አንተ ለሞተው ታስባለህ፤ የቆሙትስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ያን ዕለት ጠዋት ምንጩ ላይ ያገኘኋት ሴት የነገረችኝን እሱም ሰምቷል፦ ባለፈው ክረምት የወንድሟ ሚስት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ስድስት ሰዓት ተሸክመዋት፣ መኪና ከሚደርስበት ቦታ ሳይደርሱ ልጁ ሞተ። መንገዱን የለመነው ይኸው ሕዝብ ነው፤ ለዓመታት። ካባው በአንድ ኪሎ ሜትር በራቀ ቁጥር እያንዳንዱ ቢያጆ፣ የመኪናው ምልልስ ማለት ነው፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ጨረታው ላይ የተጻፈው ዋጋ ይፈርሳል፣ ከዚያ መንገዱ ግማሽ ላይ ይቆማል። ይህንንም ሁለታችንም አይተናል። እኔ ደግሞ መለስኩለት፤ ምን ብዬ እንደመለስኩ ግን አላስታውስም፣ ጥሩ መልስ ስላልነበረ ይሆናል።

የማስታውሰው መልካ ቁንጡሬን ማንሣቴን ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ አዋሽ ዳር። ጄራርድ ደከር የሚባል ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ በ1963 እ.ኤ.አ. እዚያ የደረሰው ለውኃ ሥራ ነው፤ ሰው የሠራው ድንጋይ አይቶ ቆመ። ከሱ በኋላ ዣን ሻቫዮን ለ30 ዓመት ያህል ቆፈረበት። ዛሬ ከዚያ የሁለት ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የሕፃን መንጋጋ አጥንት፣ የ700 ሺህ ዓመት የልጆች የእግር ዱካ፣ ከባልጩት የተጠረቡ መጥረቢያዎች ወጥተዋል፤ ባልጩት የሚባለው መንደርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከሚያብረቀርቀው ድንጋይ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሁለቱም በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ያን ማታ ይህ ምዝገባ ገና ነበር፤ እኔ ያወራሁለት ስለ ሰውየው ነው። ከወንዙ ዳር ያለው ጠጠር ውስጥ ነበሩ አንዳንዶቹ መሣሪያዎች። አንድ የማቴሪያል መሐንዲስ ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ዜሮ ሁለት ብሎ ያልፋቸው ነበር። ይህን ስለው ተናደደ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ካርታውን ዘረጋ።

ጠዋት ላይ መፍትሔውን ያመጣው እሱ ነው፣ ይህ ይጻፍለት። የምሥራቁ ገደል ላይ ያለው ድንጋይ ከላይ ያለው አፈር ስስ መሆኑን አየ፤ ካባውን ከምዕራብ በኩል ከመክፈት ከዚያ ብንጀምርና የፈቃዱን ድንበር 150 ሜትር ብንስበው ሦስቱም ክምሮች ውጭ ይቀራሉ። የመኪና መንገዱ ትንሽ ይረዝማል፤ «ያንን እኔ አሳምናቸዋለሁ» አለ። አሳመነም። ሪፖርቴ ላይ ክምሮቹን በጂፒኤስ ነጥባቸው መዘገብኩ፣ ፎቶ ከነመለኪያው አያያዝኩ፣ በዙሪያቸው ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ፣ የላዩ አፈር ለብቻው ተከምሮ ሲያልቅ እንዲመለስ ጻፍኩ። ለቅርስ መሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ ሄደ። አሥር ገጽ ሙሉ ስለ ድንጋይ። የሕይወቴ ምርጥ ሪፖርት መስሎኝ ነበር።

ስለ ውኃ ግማሽ ገጽ።

ምንጩ ከተራራው በስተ ምሥራቅ፣ ከገደሉ ሥር ነው። ለካሁት፤ አልለካሁም አልልም። 20 ሊትር ጀሪካን አስቀምጬ በእጅ ሰዓቴ ያዝኩ፤ በ48 ሰከንድ ሞላ። ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛዋ፣ ያቺው ስለ ወንድሟ ሚስት ምጥ የነገረችኝ፣ ሳቀችብኝ። «ውኃ በሰዓት ሲቀዳ ዛሬ አየሁ!» ቁጥሩን ጻፍኩ። አንድ ቀን፣ አንድ ልክ፣ በጥር ወር። በመንዝ የበልጉ ዝናብ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት ማለቂያ፣ ምንጭ ሲጨነቅ ምን እንደሚመስል አልጠየቅሁም። ሦስት ቀን ነበረኝ፤ ሁለቱን ለድንጋዩ ሰጠሁት። ካባውንም ወደ ምሥራቅ የገፋነው እኛ ነን።

በ2011 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ በዚያ በኩል ሳልፍ መንገዱን ይዤ ገባሁ። ያማረ መንገድ ነው፣ አቧራው እንዳለ ሆኖ። ሚኒባስ ሁለት ጊዜ አገኘሁ፤ አንዱ ላይ በግ ተጭኗል፣ አንዷ ሴት ሕፃን ታቅፋ ጋቢና ተቀምጣለች። ወደ ተራራው ወጣሁ። ክምሮቹ እንዳሉ ናቸው። ጽዷም አለች። አጥሩን ሠርተውታል፣ እንደውም እኔ ከጠየቅሁት ከፍ አድርገው። ሽማግሌው አርፈዋል፤ እረኛው ከተማ ገብቶ ይማራል ተባልኩ። ክምሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ እንባ ሁሉ መጣብኝ።

ከዚያ ወደ ምንጩ ወረድኩ።

ካባው ሥራውን ጨርሶ ቆሟል። ጉድጓዱ ጥግ ላይ አረንጓዴ ውኃ አቁሯል፣ የተከመረው የላይ አፈር አልተመለሰም፤ ጎርፍ ግማሹን ወስዶታል። ምንጩ ላይ ጀሪካኖች በሰልፍ ተደርድረዋል። ሴትዮዋ አወቀችኝ። ፈንጂው ከጀመረ ወዲህ ነው ይላሉ ሴቶቹ፤ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ቀጠነ። አቤት ብለው ነበር። የተሰጣቸው መልስ «ልዩነቱ የወቅት ነው» የሚል ነው፤ ከመከፈቱ በፊት ስለነበረው የሚናገር አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፣ እሱም የጥር ነው፣ የእኔ። ግንቦትን ከጥር ጋር ማወዳደር አይቻልም ተባሉ። አይቻልምም። እኔም ብጠየቅ ያንኑ ነበር የምለው። ተራራው ሲነቀነቅ የምንጩ መንገድ ተሰንጥቆ ይሁን፣ ጉድጓዱ ውኃውን ጠልፎት ይሁን፣ ወይም በልጉ ስለቀረ ይሁን፣ ለመለየት የሚያስፈልገው የየወሩ ልክ ነበር። አንዲት ሴት ጀሪካንና ሰዓት ይዛ ዓመቱን ሙሉ ልታደርገው የምትችለው ሥራ ነው። ማንም አልጠየቃትም።

«ያን ጊዜ በሰዓት የለካኸው አንተ አይደለህ?» አለችኝ። «እስቲ አሁንም ልካው።»

ግንቦት 26 ነበር። ተራዋን ለቀቀችልኝ፤ ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር አስቀመጥኩና ሰዓቴን ያዝኩ። 48 ሰከንድ ሲሆን ውኃው ገና ከታች ነው። ሁለት ደቂቃ። ሦስት። ማንም አይስቅም። አራት ደቂቃ ላይ ጀሪካኑ አልሞላም፤ ሰዓቴን ወደ ኪሴ መልሼ ከኋላዬ የቆሙትን ቆጠርኩ። 11 ናቸው።